አንድም ቃል ሳትቀንሺ

ሌባ ለአንዱ እንባ ሲሆን ለሌላው ሥራ ነው። ኮረብታው ላይ ያለውን የጡረተኞች ሰፈር ሌባ በለመደው ዓመት፣ ከኮረብታው ግርጌ ያለው የብየዳ ቤት ከእንቅልፉ ነቃ።

የሰፈሩ ሰዎች የሌላ አገር ሰዎች ናቸው። ዕድሜያቸውን በብርድ አገር ሲሠሩ ኖረው፣ ጉልበታቸው ሲደክም ፀሐይ ፍለጋ የመጡ። ነጫጭ ቤት ገዝተው፣ አበባ ተክለው፣ ከሰዓት በኋላ ካርታ እየተጫወቱ የቀረችውን ዘመን በሰላም ሊገፏት ነበር ሐሳባቸው። ቋንቋውን ግን ከ«ደህና ዋላችሁ» እና ከ«ስንት ነው» አላሳለፉትም። ሰው ደግሞ የማያውቀው ቋንቋ በአጥሩ ሥር ሲያልፍ ሁሉ ነገር ሹክሹክታ ይመስለዋል። መጀመሪያ የአንዱ ብስክሌት ጠፋ። ቀጥሎ የአንዷ የብር ማንኪያዎች። ከዚያ ባልና ሚስት ተኝተው ሳሉ ቴሌቪዥናቸው ከነጠረጴዛው ሄደ። ከዚያ ወዲያ እንቅልፍ የሚባል ነገር ከኮረብታው ወረደ።

ሁሉም በየፊናው መላ ፈጠረ። በአንድ በር ላይ ሦስት ቁልፍ የደረደረ አለ። ድመት እንኳን ሳይኖረው «ኃይለኛ ውሻ አለ» ብሎ የለጠፈ አለ። ጡረተኛው ጥርስ ሐኪም የውሻ ጩኸት በካሴት አስቀድተው በየምሽቱ ይከፍቱት ነበር። ካሴቱ ላይ የድሮ ዘፈን ተርፎበት ኖሮ ግን፣ ውሻው ጮኾ ጮኾ ሲደክመው ቫዮሊን ይመታል።

በመጨረሻ ኮሚቴ አቋቋሙና መስኮት ሁሉ ብረት ይግባለት ብለው ወሰኑ። ሥራው ለብየዳ ቤቱ ደረሰ።

የብየዳ ቤቱ ባለቤት፣ መስኮት የሚለካና ብረት የሚገጥም የእህት ልጅ ነበረው። ልጁ ሁለተኛ ደረጃን ጨርሶ እዚያው የቀረ፣ ሰው ሲያወራ የሚሰማ እንጂ የማይመልስ፣ ብረት ቆርጦ ሳይጨርስ ሐሳቡ ሌላ አገር የሚደርስበት ዓይነት ነው። አጎቱ «ፈላስፋው» ይለዋል።

«ፈላስፋው፣ ብረቱን ቁረጠው እንጂ አትየው። በዓይን የተቆረጠ ብረት እስካሁን አላየሁም።»

አንድ ማለዳ ፈላስፋው ሜትሩን ኪሱ ከቶ ሽቅብ ወጣ። የሰፈሩ በር ላይ የጠበቀችው አፈ ጉባኤዋ ናት።

«አፈ ጉባኤ» ብለው የሰየሟት የሰፈሩ ሠራተኞች ናቸው። ሥራዋ እማማ ዘንድ ነው። እማማ ባላቸው የሞቱባቸው ጡረተኛ ነርስ ናቸው፤ ከሰፈሩ በዕድሜ የሚበልጣቸው የለም። ልጅቷ ቤታቸውን ስትይዝ ቋንቋቸውን እንደ ጥሬ አንድ በአንድ ለቀመችና፣ ሳይታወቃት የሰፈሩ ሁሉ አፍ ሆና ተገኘች። ቧንቧ ሠሪ ሲመጣ፣ ክሊኒክ ሲኬድ፣ ከአትክልተኛ ጋር ነገር ሲበላሽ «እሷን ጥሯት» ነው። እሷም ስትተረጉም የራሷ ዘዴ ነበራት፤ ከቃሉ ይልቅ ሰላሙን ነው የምታሻግረው።

መጀመሪያ የገቡት ጥርስ ሐኪሙ ቤት ነው። ሰውዬው ፊታቸውን አጨማደው፣ ጣታቸውን ወደ ፈላስፋው እየቀሰሩ ረጅም ነገር ተናገሩ።

«ምን አሉ?» አለ።

«ብረቱ እንዲያምርላቸው ይፈልጋሉ።»

«ይህን ሁሉ ተናግረው?»

«ቋንቋቸው ረጅም ነው» አለችና የሜትሩን ጫፍ ተቀበለችው።

መስኮቱን ለክተው ሲወጡ ግን ፈገግታዋን መደበቅ አቃታት። «እውነቱን ልንገርህ? ‹ይህ ልጅ ራሱ ሌባ አለመሆኑን በምን አውቃለሁ› ነው ያሉት።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ብነግርህ ትቆጣለህ። ብትቆጣ ጥለህ ትሄዳለህ። ብትሄድ መስኮቱ ባዶውን ይቀራል፣ ሰውዬውም አይተኙም። አሁን አንተም ሠራህ፣ እሳቸውም ሊተኙ ነው። ማን ተጎዳ?»

«የእኔንስ እንዲህ እያደረግሽ ነው የምታሻግሪው?»

«የአንተ ምን አለው? አንተ እኮ ምንም አትልም። እንደ ዝምተኛ ሰው ለመተርጎም ቀላል የለም።»

ፈላስፋው ሳቀ። ሳቁ ለራሱም እንግዳ ሆነበት።

ያለ ረዳት ሲለካ የኖረ ልጅ፣ ከዚያ ቀን ወዲህ የሜትሩን ጫፍ የሚይዝለት ካላገኘ መለካት አቃተው። ከቤት ቤት አብረው ዞሩ። እሷ በአንድ ጫፍ፣ እሱ በሌላው፣ መሐላቸው ላይ ቢጫ ሪባን ተወጥሮ። ቁጥሩን ሊያነብ ሲያጎነብስ ዓይኖቿን ያይና ያነበበውን ይረሳል፤ ያነበበውን ሲረሳ ደግሞ እንደገና ይለካል። አጎቱ አንድ ቀን «እነዚህ ሰዎች መስኮታቸው ያድጋል እንዴ?» ብሎ ጠየቀው።

የመጨረሻው ቤት የእማማ ነው። እማማ ብረት አልፈለጉም ነበር። የፈለገው ባሕር ማዶ ያለው ልጃቸው ነው፤ በየሳምንቱ እየደወለ አፈ ጉባኤዋን «ብረቱ ገባ? በሁሉም መስኮት ገባ? እርግጠኛ ነሽ?» እያለ ያስጨንቃታል።

አንድ ከሰዓት ልጅቷ ገበያ ወርዳ ሳለ እማማ ፈላስፋውን በእጅጌው ያዙትና የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡት። በማን አፍ ይነጋገሩ? እርሳስ አነሡ። ቤት ሣሉ። በመስኮቱ ላይ ብረት ሣሉ። ከዚያ ከጣሪያው እስከ ወለሉ እሳት ሣሉና ብረቱን በሁለት እጇ ጨብጣ የቆመች ሴት ጨመሩበት። ሴትዮዋን በጣታቸው ነኩ፤ ከዚያ የራሳቸውን ደረት። ዓይናቸው ውኃ ሞልቶ ነበር። በወጣትነታቸው በነርስነት ምን አይተው እንደሆነ እሱ ሊያውቅ አይችልም፤ ያዩት ነገር እንዳለ ግን ገባው።

እርሳሱን ተቀብሎ እሱም ሣለ። የጓሮውን ክፍል መስኮት፣ ሌሎቹን ብረቶች አስመስሎ፣ ግን በአንድ ጎኑ ማጠፊያ ያለው። በሌላው ጎኑ መጋረጃው የሚሸፍነው መቀርቀሪያ። መቀርቀሪያውን ከውስጥ ሲስቡት ብረቱ እንደ በር ይከፈታል።

እማማ ግንባሩን ሳሙት። ቀጥለው ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አደረጉ። በሩ ጀርባ የተሰቀለውን የልጅቷን ሽርጥ አሳዩትና ጣታቸውን እንደገና ከንፈራቸው ላይ መለሱ። ለእሷም ቢሆን። ልጃቸው የሚጠይቀው እሷን ነዋ። ፈላስፋው እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ማለላቸው። ወረቀቱን እማማ ቀዳደው ዕቃ የሚታጠብበት አረፋ ውስጥ ጨመሩት።

ብረቱ ከተገጠመ በኋላ ሰፈሩ ለጥቂት ጊዜ ሰላም አገኘ። እማማም የዓይናቸውን ሞራ ሊያስነሡ ሆስፒታል ገቡ። ቁልፉን ለአፈ ጉባኤዋ ሰጥተው፣ አበባ እንድታጠጣና ቤቱ እንዳይሸት መስኮት ገርበብ አድርጋ እንድትተው ነግረዋት ነው የሄዱት። ብረት ስላለ መስኮት ከፍቶ መሄድ የሚያስፈራ ነገር አልነበረም።

አንድ ማለዳ በሩን ከፍታ ስትገባ የግድግዳው ሰዓት የለም። የባላቸው ካሜራ የለም። ሟቹ እሑድ እሑድ ይጫወቱት የነበረው አኮርዲዮን ከነሳጥኑ የለም። በሩ ደህና ነው። ብረቶቹ ሁሉ ቆመዋል።

የጮኸችው ራሷ ናት። ኮሚቴው መጣ። ሊቀ መንበሩ የመድን ድርጅት ጡረተኛ ናቸው፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ «ማን ገባ? በየት ገባ?» ሲሉ የኖሩ ሰው። በሩን አዩ፣ የፊት ለፊቱን ብረቶች አንድ በአንድ ነቀነቁ፤ ወደ ጓሮው ክፍል ግን አልገቡም። ከዚያ በጣም በትህትና፣ ዓይን ዓይኗን ሳያዩ፣ ቁልፉን ከእጇ ተቀበሉ። «ነገሩ እስኪጣራ ነው፤ ለጊዜው ነው» አሏት። ይህን የተረጎመላት የለም፤ ምን ያደርግላታል። በትህትና የተባረረ ሰው የሚመልሰው እንኳን የለውም።

ስትወጣ ዘበኛው ቦርሳዋን እንዲያይ ታዟል። ሽማግሌ ነው፣ ሥራ ከገባችበት ቀን ጀምሮ ያውቃታል። «ይቅር በይኝ ልጄ፣ ታዝዤ ነው» አለና ዓይኑን ጨፍኖ ቦርሳዋን ከፈተ። ዓይኑን ጨፍኖ ዘጋው።

ለፈላስፋው የነገረውም እሱ ነው። ፈላስፋው በቀጥታ ወደ እማማ ጓሮ ዞረ። የጓሮው ክፍል መስታወት ገርበብ እንዳለ ነው። ብረቱም ለሚያየው እንደ ሌሎቹ ነው። እሱ ግን በአንድ እጁ ሳብ ሲያደርገው ተከፈተ። መቀርቀሪያው ከቦታው ወጥቷል። ረጅም ክንድ ያለው ሰው በብረቶቹ መሐል እጁን ሰድዶ፣ መጋረጃውን አልፎ ስቦታል። የት እንዳለ ለሚያውቅ ሰው የደቂቃ ሥራ ነው። ይህን አስቀድሞ ማሰብ የነበረበት ሠሪው ነበር።

ቁልቁል ሲወርድ መንገዱ መታጠፊያ ላይ ቆማ አገኛት።

«ሰማህ?»

«ሰማሁ።»

«ቁልፉ እኔ ጋ ብቻ ነው የነበረው። በር አልተሰበረም፣ ብረት አልተቆረጠም። ሌላ ሰው ቢሆን እኔ ራሴ እጠረጥረው ነበር። ለዚህ ነው አንተን የምጠይቅህ።» ቀና ብላ አየችው። «አንተስ? እኔ የወሰድኩት ይመስልሃል?»

አፉን ከፈተ። የእማማ ጣት በከንፈራቸው ላይ ታየው። የማለበት እጁ ደረቱ ላይ ከበደው። መስኮቱን ሳያነሣ «አይመስለኝም» ማለት ይችል ነበር፤ አንዲት ቃል ብቻ። ግን እሱ ወይ ሁሉን ይናገራል ወይ ምንም አይናገርም፤ ምንም ሳይናገር ቀረ።

«ገባኝ» አለች።

«ምኑ ገባሽ?»

«ዝምተኛ ሰው ለመተርጎም ቀላል ነው ብዬህ አልነበር።»

ሄደች። ጀርባዋን እያየ ቆመ።

በማግስቱ ሆስፒታል ሄደ። ወረቀትና እርሳስ ይዞ ነበር፤ ከመሐላው እንዲፈቱት ሊለምን። እማማ ሁለት ዓይናቸው በነጭ ጨርቅ ታስሮ፣ እጃቸውን ብርድ ልብሱ ላይ ዘርግተው ተኝተዋል። ወረቀቱን ኪሱ መለሰው። እጃቸውን ያዘ። የእጁን ሻካራነት ዳስሰው አወቁትና ፊታቸው በራ። ብዙ ነገር ነገሩት፤ አንዱም አልገባውም። በጣቱ መዳፋቸው ላይ መስኮት ሊሥል ሞከረ። ኮረኮራቸውና እንደ ሕፃን ሳቁ። የሁለቱን ቋንቋ የምታውቅ በዚያ ከተማ እሱ የሚያውቃት አንዲት ሰው ብቻ ናት፤ እንዳትሰማ የተባለችውም እሷው።

ማታውን አጎቱ ነገሩን ከአፉ ፈልቅቆ አወጣው።

«ሆድ ይፍጀው በል» አለው። «‹መስኮቱን የሠራሁት እኔ ነኝ› ስትል ‹እንግዲያው የገባኸውም አንተ ነህ› ይሉሃል። የሰፈሩን ብረት ሁሉ የሠራነው እኛ ነን። ነገ ነቅለው ደጃችን ላይ ይከምሩታል። በእሷ ላይ እንደሆነ ማስረጃ የላቸውም፣ አያስሯትም።»

«አያስሯትም። ግን ባለፈች ቁጥር ቦርሳቸውን ያቅፋሉ።»

አጎቱ የብየዳ መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ ጠረገ። ብዙ ጠረገው።

«ቢያንስ ልብስህን ቀይረህ ሂድ» አለ በመጨረሻ። «በጥላሸት ልብስ የተነገረ እውነት ውሸት ይመስላል።»

የኮሚቴው ስብሰባ በሊቀ መንበሩ አትክልት ቦታ፣ ከሰዓት በኋላ ነበር። ሽማግሌዎቹ በክብ ተቀምጠዋል፤ ባርኔጣ ያደረጉ፣ ከዘራ የያዙ፣ የጆሮ ማዳመጫቸውን የሚያስተካክሉ። አፈ ጉባኤዋ ውሳኔውን እንድትሰማ ተጠርታ አጥሩ ጥግ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች። ፈላስፋው ሲገባ አየችውና ፊቷን አዞረች።

«የምናገረው ነገር አለኝ» አለ።

ሊቀ መንበሩ የሚተረጉም ሰው ፈልገው ዙሪያቸውን ቃኙ። ሁሉም ቃኙ። የሁሉም ዓይን ዞሮ ዞሮ አጥሩ ጥግ ላይ አረፈ፤ ከዚያ በኀፍረት መሬት ወረደ። እሷ ግን ተነሣች። «ልማዴ አይደል» አለች፣ ለማንም ሳይሆን።

«የእማማ የጓሮ መስኮት ይከፈታል» አለ ፈላስፋው። «እሳት ስለሚፈሩ እሳቸው አዘውኝ፣ ለማንም እንዳልናገር ምዬ፣ የሠራሁት እኔ ነኝ። ሌባው የገባው በእሱ ነው። ቁልፍ አላስፈለገውም። የሚከፈትበትን የማውቀው እኔ እንጂ እሷ አይደለችም።»

አፈ ጉባኤዋ አልተረጎመችም። ወደ እሱ ጠጋ ብላ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«ምን እያደረግህ ነው? ይህን ብነግራቸው የሚይዙት አንተን ነው።»

«ተርጉሚላቸው።»

«‹አንዱ መስኮት ሳይጠብቅ ቀርቶ ነበር› ልበላቸው። በቃ። እኔም እተርፋለሁ፣ አንተም ትተርፋለህ።»

«አይሆንም። የዛሬውን አታለዝቢው። አንድም ቃል ሳትቀንሺ።»

አፈ ጉባኤዋ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረችና መናገር ጀመረች። እሱ ቋንቋውን አያውቅም፤ ግን ፊታቸው አንድ በአንድ ሲለወጥ አየና ምንም እንዳልቀነሰች አወቀ።

ሊቀ መንበሩ መነጽራቸውን አወለቁ። የጠየቁትን እሷ አሻገረችለት፦ «‹አንተን ማንም አልጠረጠረህም። ማንም ሳይጠራህ በገዛ እግርህ ለምን መጣህ?› ይላሉ።»

ፈላስፋው ሣሩን አየ። ከዘራዎቹን አየ። ከዚያ እሷን አየ።

«ስለምወዳት ነው በያቸው።»

ከአጥሩ ወዲያ የአትክልት መቁረጫ ቀጭ ቀጭ ሲል ይሰማል። ልጅቷ ጉንጯ ፍም መሰለ።

«ምን አለ?» አሉ ጥርስ ሐኪሙ፣ ጆሯቸውን ወደ ፊት አዘንብለው።

«እሱን አልልም» አለችው ለፈላስፋው።

«አንድም ቃል ሳትቀንሺ ብያለሁ።»

«ይሄ እኮ ቃል አይደለም። ጉድ ነው።»

«እሱንም ቢሆን።»

ወደ እነሱ ዞረች። ዓይኖቿን ሣሩ ላይ ተክላ አንዲት አጭር ነገር ተናገረች። ያ ረጅም ቋንቋ ይህን ለማለት አልረዘመም። ጥርስ ሐኪሙ ባርኔጣቸውን አወለቁ፤ ለምን እንዳወለቁት የሚያውቁ አይመስልም።

መጀመሪያ እጃቸውን ያነሡት ከእማማ ጋር ካርታ የሚጫወቱት ሴትዮ ናቸው። አፈ ጉባኤዋ የሚሉትን ቀስ እያለች ለፈላስፋው ነገረችው። መስኮቱን እማማ አሳይተዋቸዋል። ደስ ብሏቸው፣ ለእሳቸው ብቻ፣ አስምለው። «ለእኔም አሳይታኛለች» አሉ ከጎናቸው ያሉት። «ለእኔም።» አንዱ ከሚስታቸው ሰምተዋል። ጥርስ ሐኪሙ ከካርታ ጠረጴዛው ሰምተዋል፣ ሾፌሩም ውኃ አቅራቢውም ባሉበት። በመጨረሻ ሁሉም ወደ ሊቀ መንበሩ ዞሩ፤ ሊቀ መንበሩም ጫማቸውን እያዩ ራሳቸውን ነቀነቁ።

ሁሉም ያውቁ ነበር። ሁሉም «ብቻዬን ነኝ የማውቀው፣ ብናገር እኔን ነው የሚጠረጥሩኝ» ብለው ፈርተው፣ ሸክሙን አንዲት ልጅ ላይ ጥለው አፋቸውን ዘግተዋል። ክፉ ሰዎች ስለሆኑ አልነበረም። ሰው አገር ያረጁ፣ ፍርሃት የለመዳቸው ሰዎች ናቸው። ካርታ የሚጫወቱት ሴትዮ ያለቅሱ ጀመር።

ሊቀ መንበሩ ተነሡና የእማማን ቁልፍ በሁለት እጃቸው ይዘው ወደ ልጅቷ ሄዱ። አልተቀበለቻቸውም። «እማማ ሲመለሱ ራሳቸው ይሰጡኛል» አለች። በሁለቱም ቋንቋ አለችው፣ ፈላስፋውም እንዲሰማ።

የቀረውን ባጭሩ፦ ሌባው ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አልታወቀም። እማማ ዓይናቸው በርቶ ሲመለሱ ቁልፉን ከራሳቸው ምርቃት ጋር ሰጧት፣ ለልጃቸውም እውነቱን በስልክ ነገሩት። ከዚያ ወዲህም ኮረብታው ላይ ያሉት ጡረተኞች አንድ በአንድ ወደ ብየዳ ቤቱ እየወረዱ፣ የሚከፈት መስኮት፣ መቀርቀሪያው ከውጭ እጅ የማይደርስበት፣ እንዲሠራላቸው ጠየቁ። እያንዳንዳቸው ሲወጡ ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ ያደርጋሉ። አጎትዬው ደስታው ወሰን አጣ።

ይህ ሁሉ ግን በኋላ የሆነ ነው። ያን ዕለት ከአትክልት ቦታው ሲወጡ ሁለቱም አብረው ቁልቁል ወረዱ። መታጠፊያው ላይ ስትደርስ ቆመች።

«እንዲህ ያለ ነገር በሰው ፊት ይባላል?»

«ጠየቁኝ እኮ።»

«በገዛ አፌ አስባልከኝ።» ተቆጥታ ነበር፤ ወይም የተቆጣች ለመምሰል እየታገለች። «ያን ቀን እዚህ ቦታ ስጠይቅህ ዝም አልከኝ። ዛሬ ለዚያ ሁሉ ሽማግሌ ተናገርክ። ለእኔ ግን እስካሁን ምንም አልነገርከኝም።»

«አንቺ ራስሽ ነሽ ያልሽው እኮ። ሰምተሻል።»

«እኔ አሻገርኩት እንጂ አልተቀበልኩትም። አስተርጓሚ መንገድ ነው፤ በመንገድ የሚያልፍ ነገር የመንገዱ አይሆንም። አሁን ማንም የለም። ለእኔ ንገረኝ።»

ፈላስፋው ዙሪያውን አየ። እውነትም ማንም የለም። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ያልፈራውን ፈራ። ከዚያ ጀመረ። ከሜትሩ ጀመረ፣ መስኮቶቹን ለምን ደጋግሞ ይለካ እንደነበር። ሆስፒታል የእማማ መዳፍ ላይ ሊሥል እንደሞከረ ነገራት። ጀርባዋን ሲያይ ምን እንደተሰማው፣ ማታ ማታ ብረት ሲቆርጥ ምን እንደሚያስብ፣ ከትምህርት ቤት ጀምሮ ለማንም ያልነገረውን ነገራት። ያ ዝምተኛ ልጅ ከመታጠፊያው እስከ ቤቷ በር ድረስ እየተናገረ ሄደ። ለሁሉም ስትመልስ የኖረችው ልጅ ለማንም ሳትመልስ፣ ለማንም ሳታሻግር፣ ሰማችው።

በሩ ላይ ደረሱ። ቁልፏን ከቦርሳዋ አወጣች፣ ግን አልከፈተችም።

«ጨረስክ?»

«አልጨረስኩም።»

ቁልፏን ቦርሳዋ ውስጥ መለሰችው።

«እንግዲያው አንድ ጊዜ እንዙር» አለች።